ድልድዩ በስማቸው አይጠራም

«ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ» አለ የከተማው ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ። «ለእኛ ዘግይቶ ገባን እንጂ እሳቸው ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ።»

ሳሎኑን የሞላው ለቅሶ ደራሽ ራሱን ነቀነቀ። ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠች ጎረቤት ከንፈሯን መጠጠች። የሟች ልጅ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ናት። ቀኑን ሙሉ ሊገድሏት ምንም ከማይቀራቸው ሰዎች ጎን ተቀምጣ «ቀስ፣ አይዞሽ፣ ክላቹን ልቀቂ» ስትል ነው የምትውለው። ተማሪዎቿ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምተው አያውቁም። አሁንም ከፍ አላደረገችም።

«የቱ ላይ?» አለች።

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«አባቴ ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ አሉ። የቱ ላይ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።»

«በብዙ ነገር። ምኑ ተወርቶ ያልቃል?»

«አንዱን ይንገሩኝ።»

አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ብድግ ብለው ትሪውን ተቀበሏት። «ነይ እስቲ፣ ውሃው ፈልቷል» ብለው ክንዷን ይዘው ወደ ማድቤት ወሰዷት። ውሃው አልፈላም ነበር።

«ሰውዬው ሊያጽናናን ነው የመጣው» አሉ አጎቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሀዘን ላይ ጠብ ያስጠላል።»

«ሊያጽናናን አይደለም ጋሼ። እኛ ሳንታረቀው እሱ ታርቆን ሊሄድ ነው።»

«የሞተው ሞቷል። እዚህ ከተማ የምንኖረው እኛ ነን። ነገ የውሃ መስመር ቢቆረጥብሽ እሱ ቢሮ ነው የምትሄጂው።»

እናቷ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆ እያደረቁ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ ሥራ ነው የያዙት። ማንም ሳይጠይቃቸው «ይሳሳት ነበር እኮ» አሉ። «ኧረ ብዙ ነው የሚሳሳተው።»

እውነታቸውን ነው። አባቷ መድኃኒት ቤት ነበራቸው፤ መስታወቱ ሰፊ፣ በሩ ጠባብ፣ ጥግ ላይ ያለ ሱቅ። ሰፈሩ «ጋሽ ግን» ብሎ ነው የሚጠራቸው። እንደምን አደሩ ሲባሉ «ደህና፣ ግን ብርዱ» ይላሉ። መድኃኒት ሲሸጡም እንደዚያው ነው፤ «ፍቱን ነው፣ ግን ሆድ ይቆርጣል፣ ግን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል» ሲሉ ገዢው ፈርቶ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እናቷ «ላግባህ ወይ ስለው እንኳ እሺ ግን ብሎኛል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ለጋብቻ የጠየቀው ማን እንደነበረ ግን ሁለቱም የየራሳቸውን ነበር የሚያወሩት።

የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ሲመጣ ሰፈሩ እሳቸውን መረጠ። ወደዷቸው ማለት አይደለም። «እኛን እንዲህ ካደረቁን፣ እስቲ እነዚያን ሄደው ያድርቁልን» ተባብለው ነው።

አደረቋቸው። በጀት ሲቀርብ ይጠይቃሉ፣ መንገድ ሲቀየስ ይጠይቃሉ፣ የመናፈሻ ወንበር ቀለም ሲመረጥ እንኳ እጃቸውን ያወጣሉ። ግማሹ ጥያቄ ከንቱ ነበር። አንዳንዱ አንጀት የሚያሳርር ነበር። ከቀረው ውስጥ ደግሞ አንድ ሁለቱ ከተማዋን ከጉድ አውጥቷታል።

ከዚያ ድልድዩ መጣ።

* * *

በማግሥቱ ቤቱ እንደገና ሞላ። ቡናና ሻይ በፔርሙዝ እየመጣ፣ ወንበር ከጎረቤት እየተለመነ፣ ሰው ይገባል ይወጣል። አሰልጣኟ ኮሪደሩ ላይ ካፖርት ስትሰቅል ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተዋት ሲያወሩ ሰማች።

«አፉ ነው የገደለው» አለች አንደኛዋ።

«ተይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ቢሰማስ? ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ሱቁ ውስጥ ነበር።»

አሰልጣኟ ካፖርቱን ሰቀለች። እጅጌውን አስተካከለች። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«አፍ ከሆነ የገደለው» አለች፣ «የእሱ አፍ አይደለም።»

ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። «እኔ እንኳ ሀዘኑ ቢያንገበግበኝ ነው…»

«አውቃለሁ። ግቢ ሻይ ጠጪ።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትራሱን በቡጢ መታችው፤ ደግማ መታችው። ልቅሶ አልመጣላትም። ከቀብሩ ጀምሮ ሰው ሁሉ እንድታለቅስ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ጥርሷን እንደነከሰች ነው ውላ የምታድረው፤ መንጋጋዋ ያማታል።

አባቷ ድልድዩን የተቃወሙት ከመጀመሪያው ቀን ነው። ወንዙ ክረምት ላይ ምሰሶዎቹን ይነቅላል አሉ። በዚያ በኩል የሚሻገር ሰው የለም አሉ። የድሮው መሻገሪያ ቢጠገን ይበቃል አሉ። ሁሉም ተቃወማቸው፤ ድልድዩ ተሠራ፤ ክረምት መጣ፣ ጎርፉ መጣ፣ ድልድዩ ፍንክች አላለም። ከወዲያ ማዶ ያሉ ልጆች ጫማቸው ሳይረጥብ ትምህርት ቤት ይደርሱ ጀመር። እሷ ራሷ ተማሪዎቿን ዳገት ላይ መነሳት የምታስተምረው የድልድዩ መግቢያ ላይ ነው።

«አባዬ ተሳስተሃል» አለቻቸው አንድ እሁድ፣ አሳፍራቸው ድልድዩን ስትሻገር። «በቃ፣ ተሳስቻለሁ በል።»

እሳቸውም ወንዙን በመስኮት እያዩ «ይመስለኛል» አሉ። «ይመስለኛል ተሳስቻለሁ። ግን ደግሞ የምሳሳትበት ቦታ ያስፈልገኛል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ትክክል የሆነ ሰው ብቻ ይናገር ከተባለ፣ ሳይናገር ትክክል መሆኑን ማን ያውቅለታል? ያንቺ መኪና እኮ ደስ የምትለኝ ከማይነዳውም ሰው እግር ሥር ፍሬን ስላላት ነው።»

«እኔ ፍሬኑን የምይዘው ተማሪዎቼ ሰው ሊገጩ ሲሉ ብቻ ነው። አንተ በየሜትሩ ነው የምትይዘው።»

ስቀው ነበር። አባቷ ከልባቸው ነው የሳቁት።

ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ድልድዩ በተመረቀ ሰሞን «የአንድነት ደንብ» የሚባል ነገር አመጣ፤ ምክር ቤቱ አንዴ የወሰነውን ነገር በአደባባይ የነቀፈ አባል ከስብሰባ ይታገዳል የሚል። ዱላ የያዘ አልነበረም፣ በር የዘጋ አልነበረም። ክርክር ተደረገ፣ እጅ ወጣ፣ ደንቡ ጸደቀ። ጋሽ ግን ብቻቸውን ተቃወሙ። ከስብሰባው ወጥተውም መድኃኒት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ለጠየቃቸው ሁሉ «ይሄ ደንብ ነገ እናንተን ይበላል» አሉ። እሱም በአደባባይ መንቀፍ ነውና በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና እጅ ወጣና ታገዱ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አንድ ነገር ነው። ሊቀመንበሩ የከተማው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ስለ ልማት ሲያወራ «ከተማችን ውስጥ ከተማዋን የማይወድ አንድ ሰው አለ» አለ። «ስሙን አልጠራም። የራስ ምታት ክኒን ልትገዙ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።» ጠያቂው ጋዜጠኛ ሲስቅ ተሰማ።

መጀመሪያ ደንበኛ ቀረ። ቀጥሎ ድንጋይ መጣና ሰፊው መስታወት ረገፈ። ከዚያ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጎረምሶች ገብተው መደርደሪያውን ጎትተው ጣሉት፤ ጋሽ ግን ከሥሩ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰበረ። መንገዱ ላይ ሰው ነበር። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ በመስኮት አይቷል። አላየሁም አለ።

ሆስፒታል ፖሊስ ሲመጣ አባቷ «ልጆቹን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «የአንደኛውን እናት የአስም መድኃኒት እኔ ነኝ የምሰጣት። እነግርሃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሬዲዮ ላይ የተናገረውን ሰው ጻፍ።» ፖሊሱ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ያን ዕለት ነው የተጣላቻቸው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው፣ እግራቸው በክብደት ተንጠልጥሎ፣ «ዝም ብትል ምናለበት?» ብላ ጮኸችባቸው። «ለእማዬ ስትል! አንድ ጊዜ ዝም ብትል?»

«ዝም ብያለሁ እኮ» አሉ አባቷ። «ካገዱኝ ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ምን ተሻለ?»

ሳንባቸው ውሃ ያዘ። ከዚያ አልጋ አልወረዱም።

* * *

ሀዘኑ ሊጠናቀቅ ሲል ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ የምክር ቤቱን አባላት አስከትሎ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። አጎቷ ከደጅ ጀምሮ እጅ እየነሱ አስገቧቸው። ከሁሉም ኋላ የገባችው የእንስሳት ሐኪሟ ናት። የምክር ቤቱ አዲሷ አባል እሷ ነች፤ ከሥራ መምጣቷ ነው፣ የቦት ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። በሩ አጠገብ ያለች ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ደበቀች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ» አለ ወደ እናትየው ዞሮ፣ «የመጣነው ደስ የሚል ዜና ይዘን ነው። ሀዘናችሁን ቢያቀልላችሁ ብለን ነው። ትናንት ምክር ቤቱ ተሰብስቦ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ድልድዩ በእሳቸው ስም ይጠራል። ስማቸው በእብነ በረድ ተቀርጾ መግቢያው ላይ ይቆማል።»

በሳሎኑ የስምምነት ሹክሹክታ ዞረ። አንድ ሽማግሌ «ይገባቸዋል» አሉ። አጎቷ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ምን ብለን እንደምናመሰግን…» ማለት ጀመሩ።

አሰልጣኟ ሳቀች።

ሳቁ ራሷንም አስደነገጣት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አልቆመም። ሰው ሁሉ ሀዘኑ አእምሮዋን ነካው መሰለው። ሲለቃት ዓይኗን ጠረገች።

«ድልድዩን?» አለች። «ከተማው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ድልድዩን?»

«ታላቁ ሥራችን እሱ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«አባቴ እኮ ድልድዩን ይቃወም ነበር። ተሳስቶ ነበር፣ እኔም ተሳስተሃል ብዬዋለሁ። ግን ተቃውሞታል። የታገደውም እሱን ተከትሎ በመጣው ደንብ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ደንቡስ? ተሻረ?»

«ደንቡ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«እገዳውስ?»

ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አየ። «እገዳው… እንግዲህ፣ አሁን እሳቸው ስለሌሉ በራሱ ጊዜ ቀሪ ሆኗል።»

«ሲሞት ተነሳለት ማለት ነው?»

«ልጄ፣ ይሄ ለቅሶ ቤት ነው። ፖለቲካውን ለቦታው እንተወው።»

«ቦታው የት ነው?» አለች። አሁን ድምጿ ከፍ ብሏል፤ አጎቷ ክንዷን ሊይዟት ሲሉ ቀማቻቸው። «ቦታው አዳራሹ ከሆነ አባቴን አስወጥታችሁታል። ሬዲዮው ከሆነ እርስዎ ነዎት የሚናገሩበት። ሱቃችን መስታወት የለውም። የቀረን ይሄ ሳሎን ነው፤ ከዚህም ዝም በይ ይሉኛል?»

«እኔ ማንንም ንኩት አላልኩም። ይሄንን ማንም ሊለኝ አይችልም።»

«አላሉም። ስሙንም አልጠሩም። የት እንደሚገኝ ብቻ ነው የነገሯቸው።»

ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ፊቱ ተለዋውጧል። «በሙሉ ድምፅ የተሰጠ ክብር ነው» አለ። «አንድም ሰው አልተቃወመም። እናንተ ካልፈለጋችሁት…»

«ሙሉ አይደለም።»

ድምፁ ከበሩ በኩል ነው የመጣው። የእንስሳት ሐኪሟ ቆማለች።

«እጅሽን አውጥተሻል» አለ ሊቀመንበሩ ሳይዞር።

«አውጥቻለሁ። እንደ እሳቸው እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ድልድዩ በስማቸው ቢጠራ አልስማማም።» ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። «በሕይወት እያሉ አፋቸውን አስያዝናቸው። አሁን ደግሞ በእብነ በረድ ልናስይዛቸው ነው። ልጆች ሲያነቡት ድልድዩን የወደዱት ነው የሚመስላቸው።»

«ይሄ የተወሰነ ጉዳይ ነው። ሰው ፊት ነው የምትናገሪው። ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

በዚህ መሃል እናትየው ተነሱ። የሊቀመንበሩን ብርጭቆ ከመሬት አንስተው ትሪው ላይ አደረጉት። «ከቤቴ እንግዳ አላስወጣም» አሉ። «ሻይ ከፈለጉ ይጨመርልዎታል። ስሙን ግን አልሰጥም።»

ሊቀመንበሩ ሻይ አልፈለገም።

* * *

የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሄዶ ስለማያውቅ እንጂ። አሰልጣኟ ጥቁሯን እንደለበሰች ስትወጣ እናቷ ካፖርታቸውን ይዘው መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው።

«ደረጃው ብዙ ነው እማዬ።»

«ክፈቺው።»

የሕዝቡ ወንበር ከኋላ ያለ ረጅም አግዳሚ ነው። ሲገቡ ባዶ ይሆናል ብለው ነበር። ግን በለቅሶው ሰሞን ቤታቸው ኮሪደር ላይ «አፉ ነው የገደለው» ያለችው ሴትዮ ተቀምጣለች። ፀጉር አስተካካዩም አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ሌሎችም ከሰፈር መጥተዋል። ሳሎን ውስጥ የተባለው ነገር ከተማውን አዳርሶ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ተነስታ የአንድነት ደንቡ እንዲሻር ጠየቀች። ከወረቀት ነው ያነበበችው። እጅ ይውጣ ተባለ። ጥቂት እጆች ወጡ፤ እነሱም ግማሽ ድረስ። ሐሳቡ ወደቀ።

ሊቀመንበሩ ወዲያው ቀጠለ። አባሏ ለቅሶ ቤት ውስጥ የምክር ቤቱን ውሳኔ በሰው ፊት ስለነቀፈች፣ በደንቡ መሠረት እንድትታገድ ድምፅ ይሰጥ አለ። «የምትደግፉ።»

እጆች ወጡ። ከፊት መስመር ወጡ፣ ከመሃል ወጡ። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ አናጺ ተቀምጠዋል፤ ምክር ቤቱ ከተመሠረተ ጀምሮ አባል ናቸው፣ ከሊቀመንበሩ የተለየ ድምፅ ሰጥተው አያውቁም። እጃቸውን አነሱ። ቀና ብለው ወደ አግዳሚው አዩ፤ እናትየውን አዩ። እጃቸውን መልሰው ጠረጴዛው ሥር ከተቱት። ከጎናቸው ያለው ሰው አያቸውና እሱም አወረደ። ጸሐፊው ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። አልበቃም።

የእንስሳት ሐኪሟ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ያጨበጨበ የለም። ደንቡ እንዳለ ነው፤ እሷ ግን አልታገደችም።

ደረጃው ላይ አናጺው ደረሱባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምስጋና የሚጠብቁም ይመስሉ ነበር። አሰልጣኟ ቀደመቻቸው።

«ያኔስ?» አለች። «አባቴ ሲታገድ ይቺ እጅ የት ነበረች?»

ሽማግሌው እጃቸውን አዩ። «ያኔማ… ሁሉም አወጣ። ሁሉም ሲያወጣ…»

«ሁሉም አይደለም። አንድ ሰው አላወጣም።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ። ባርኔጣቸውን ሳይደፉ እዚያው ቀሩ። እሷም አላዘነችላቸውም። ምናልባት ሌላ ጊዜ ታዝንላቸው ይሆናል።

ሲመለሱ በድልድዩ ተሻገሩ። ከወዲያ ማዶ የሚመጡ ተማሪዎች ቦርሳቸውን አዝለው በእግረኛው መንገድ እየተገፋፉ ያልፋሉ። ወንዙ ከሥር ሙልት ብሏል።

«ጥሩ ድልድይ ነው» አሉ እናቷ።

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ሞኝ» አሉ እናቷ፣ በመስኮቱ እያዩ። ማንን እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም።

ቤት ሲደርሱ የጎረቤት ወንበሮች ተመልሰዋል። ሳሎኑ ሰፍቶ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ሆኗል። እናቷ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግራቸው አብጦ ጫማው ጠርዝ ላይ ፈሷል። አሰልጣኟ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈታች፤ አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን አወለቀች። ረጅሙን ጥቁር ቀሚስ ገለጥ ስታደርግ እጇ ቆመ።

ካልሲው የወንድ ነው። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ለእናቷ እግር እጅግ የሚሰፋ፤ ተረከዙ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ወጥቶ ተኮማትሯል፣ ጫፉ ባዶውን ታጥፏል። በዚህ ሁሉ ቀን፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል፣ ማንም አላየውም።

ልታወልቀው ይዛው ነበር። ተወችው። ተረከዙን ወደ ቦታው ጎተተች፣ የታጠፈውን ጫፍ ዘረጋች፣ ላስቲኩን ወደ ላይ አድርሳ በመዳፏ አስተካከለችላቸው። ከዚያ ሁለቱንም እግራቸውን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች።